ከአሮጌው ኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ ላይ ፋይሎቻችንን እንዴት እናውጣ?

ቤት ጥግ ወይም የቢሮ ዕቃ ክፍል ውስጥ አቧራ የጠጣ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ብዙ ነው። ማብሪያውን ሲጫኑት ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ወይ ዊንዶውስ ሊከፍት ጀምሮ መሀል ላይ ይቆማል። ውስጡ ግን የሠርግ ፎቶ አለ። የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። የድርጅት የዓመታት ሂሳብ አለ። አንዳንዱ ጋ ደግሞ ዛሬ በሕይወት የሌለ ሰው ድምፅ ያለበት ቪዲዮ አለ።

ኮምፒዩተር አልበራ ሲል ብዙ ጊዜ የተበላሸው ፓወር ሰፕላዩ፣ ራሙ ወይም ማዘርቦርዱ ነው። ፋይሎቹ የተቀመጡት ግን ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ በአራት ብሎን የሚፈታ ራሱን የቻለ ዕቃ ነው። ስለዚህ ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ መሰካት ብቻ የሚበቃበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊሠራው ይችላል።

ከሁሉ በፊት፦ ዲስኩ ላይ ምንም አትጻፉ

ፋይል ስታጠፉ ወይም ዲስክ በፍጥነት ፎርማት ስታደርጉ ዊንዶውስ መረጃውን ወዲያው አይፍቀውም። ቦታውን "ነፃ ነው" ብሎ መዝግቦ ይተወዋል። ፋይሉ የሚጠፋው ሌላ ነገር ሲጻፍበት ነው። ስለዚህ ፋይሉ እስኪወጣ ድረስ ከዲስኩ ላይ ማንበብ እንጂ ምንም መጻፍ የለብንም። ፕሮግራም አትጫኑበት፣ "ላስተካክለው?" የሚል መልእክት ሲመጣ እሺ አትበሉ፣ ቼክ ዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ የዲስክ መጠገኛም አታስኪዱበት።

ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው ጥገና ቤት ነው። ኮምፒዩተሩ አልከፍት ሲል የሚሰጠው የተለመደ መፍትሔ "ፎርማት አድርጌ ዊንዶው ልጫንበት" ነው። ኮምፒዩተሩ ይነሳል፣ ሂሳብ ይከፈላል፣ ቤት ሲደረስ ግን ፎቶው የለም። አዲስ ዊንዶውስ ሲጫን ብዙ ጊጋባይት ይጻፋል፤ የተጻፈበት ቦታ ላይ የነበረውን መመለስ አይቻልም። ለሠራተኛው ስትሰጡት በቃል ብቻ ሳይሆን ወረቀት ላይ "ፋይሉ ሳይወጣ ፎርማት እንዳይደረግ" ብላችሁ ጽፋችሁ ኬዙ ላይ ለጥፉ። ደግሞም ፋይል ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ኮምፒዩተሩን ማሠራት ጨርሶ አያስፈልግም።

ዲስኩን አድምጡት

መረጃ የሚጻፍበት የሚሽከረከር ሳህንና ከላዩ የሚንሳፈፍ ማንበቢያ ስላለው ሃርድ ዲስክ ድምፅ አለው። ጤነኛው ሲነሳ "ውውው" ብሎ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ለስለስ ያለ የመንኳኳት ድምፅ እያሰማ ያነባል። እጃችሁን ብታሳርፉበት ቀለል ያለ ንዝረት ይሰማችኋል።

ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ… እያለ በእኩል ልዩነት የሚደጋግም ከሆነ፣ ወይም ብረት ብረትን ሲፍቅ ዓይነት ድምፅ ካለው፣ ወዲያው ከኃይል ንቀሉት። ብዙ ጊዜ ማንበቢያው ተጎድቷል ማለት ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ ደቂቃ ሳህኑን ሊፍቀው ይችላል፣ የተፋቀው ቦታ ደግሞ አይመለስም። እዚህ ላይ ቆማችሁ "ጠቅ ጠቅ የሚለው" ወደሚለው ክፍል እለፉ። ጭራሹኑ የማይሽከረከር ከሆነም አንድ ጊዜ በሌላ ገመድና በሌላ የኃይል ምንጭ ሞክሩት፤ አሁንም ዝም ካለ በቤት የሚሠራ ነገር አይደለም።

ኮምፒዩተሩ የሚበራ፣ ዊንዶውስ ግን የማይከፍት ከሆነ

ካቻቪቴ ሳታነሱ የምትጨርሱበት መንገድ አለ። ከፍላሽ ላይ የሚነሳ ሊኑክስ ነው፤ ሊኑክስ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒዩተር የሚያሠራ ሥርዓት ነው።

በደህና ኮምፒዩተር ላይ ሊኑክስ ሚንትን በነፃ አውርዱ። ለአሮጌ ማሽን ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለው ዓይነት ይሻላል። ሩፈስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ ላይ ጫኑት። ፍላሹ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ ፍላሽ ተጠቀሙ። ኮምፒዩተሩ የቆየ ከሆነ ሩፈስ ላይ የክፍፍሉን ዓይነት ኤምቢአር አድርጉት፣ አለበለዚያ ፍላሹን ላያውቀው ይችላል።

ከዚያ ፍላሹን አሮጌው ላይ ሰክታችሁ አብሩት። እንደበራ የማስነሻ ምርጫ የሚያመጣውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ንኩ። ዴል ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ወይም ኢስኬፕ ነው፤ ሌሎቹ ላይ ስክሪኑ ጥግ ለአፍታ ተጽፎ ያልፋል። ፍላሹን ምረጡ። ሊኑክሱ ሲከፍት ዴስክቶፑ ላይ "ጫን" የሚል ምልክት ታያላችሁ፤ እሱን አትንኩት። ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ብቻ ይሠራል፣ እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ፋይል ማሳያውን ስትከፍቱ የዊንዶውስ ዲስኩ በግራ በኩል ይታያል። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሰክታችሁ ወደዚያ ኮፒ አድርጉ።

ዊንዶውስ በትክክል ሳይጠፋ ተዘግቶ ከሆነ ሊኑክሱ ዲስኩን ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል። መጻፍ አይቻልም ሲላችሁ አትደንግጡ፣ ለእኛ ይሻለናል።

አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። ሾርትከት ቫይረስ የገባበት ዲስክ ላይ ፎልደሮቹ ጠፍተው በምትካቸው ሾርትከት ብቻ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ ፎልደሮቹ ተደብቀው እንጂ ተሰርዘው አይደለም። ሊኑክስ የዊንዶውስን የመደበቂያ ምልክት ስለማይከተል እንዳሉ ያሳያችኋል፤ ቫይረሱም እዚያ አይነሳም። እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ብቻ ኮፒ አድርጉ፣ ሾርትከቶቹን ተዉ።

ዲስኩን ፈትቶ ማውጣት

ኮምፒዩተሩ ጨርሶ ካልበራ ይህ ነው መንገዱ። ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ። ማብሪያውን ለጥቂት ሴኮንድ ተጫኑት፣ የተረፈው ኃይል ይወጣል። ዲስኩን ከመንካታችሁ በፊት ያልተቀባ የኬዙን ብረት ንኩ፤ ሰውነታችሁ ላይ ያለው ስታቲክ ቦርዱን እንዳይጎዳው ነው።

ዴስክቶፕ ላይ የጎኑን ክዳን ክፈቱ። ዲስኩ እንደ ወፍራም መጽሐፍ ያለ የብረት ሳጥን ነው፣ ስፋቱ 3.5 ኢንች ይባላል። ከኋላው ሁለት ገመድ ይገባል፤ አንዱ የመረጃ፣ አንዱ የኃይል። ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት። ገመዱን ሳይሆን ጫፉን ይዛችሁ ሳቡ። ላፕቶፕ ላይ ባትሪውን መጀመሪያ አውጡ ወይም ከቦርዱ ንቀሉ። ዲስኩ 2.5 ኢንች ነው፣ ብዙ ጊዜ ከታች በኩል በትንሽ ክዳን ሥር ይገኛል።

አሁን መሰኪያውን ተመልከቱ። የምትገዙትን ዕቃ የሚወስነው እሱ ነው።

ሳታ ከሆነ ሁለት ጠፍጣፋ መሰኪያዎች ጎን ለጎን ታያላችሁ፣ ጫፋቸው ላይ ትንሽ እጥፋት አለ። ከ2003 ወዲህ ቀስ በቀስ የተስፋፋው ይህ ነው። አይዲኢ ከሆነ ደግሞ እንደ መርፌ የቆሙ ሁለት ረድፍ እግሮች አሉት። የዴስክቶፑ 40፣ የላፕቶፑ 44 ነው። እነዚህ እግሮች በቀላሉ ይጎብጣሉ። ስትሰኩ መሀል ላይ የጎደለችውን እግር ገመዱ ላይ ከተደፈነው ቀዳዳ ጋር አስተያዩ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ግፉ፣ ግራ ቀኝ አታወዛውዙ። የዴስክቶፕ አይዲኢ ዲስክ ላይ ከመሰኪያው አጠገብ ጃምፐር የምትባል ትንሽ ፕላስቲክ አለች። "ስሌቭ" ላይ ከሆነች ወደ "ማስተር" ውሰዷት፤ አቀማመጡ ዲስኩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይታያል።

የሚያስፈልጋችሁ ከሳታ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ ነው፣ ወይም አይዲኢንም ሳታንም የሚይዘው ዓይነት። መርካቶም መገናኛም የኮምፒዩተር ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ጠይቁ። ዲስኩን ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው ሞክራችሁ ግዙ። አንድ ነገር አትርሱ፦ የላፕቶፕ ዲስክ በ5 ቮልት ስለሚሠራ ከዩኤስቢው የሚያገኘው ኃይል ይበቃዋል። የዴስክቶፑ 12 ቮልትም ይፈልጋል። ስለዚህ የራሱ የኃይል አዳፕተር ያለው ካልሆነ ተሰክቶም አይነሳም፤ ሰዎች "ዲስኩ ሞቷል" የሚሉት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሲሰካ ምን ይላል?

ሥራውን ባትሪው በደንብ በያዘ ላፕቶፕ ላይ ሥሩ። ዲስኩ በራሱ አዳፕተር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ አዳፕተሩን ዩፒኤስ ላይ ሰኩት። ኮፒው መሀል ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ለደከመ ዲስክ ትልቅ አደጋ ነው። ዲስኩን ጠንካራና ደረቅ ነገር ላይ አስተኙት፣ እየሠራ ሳለ አታንቀሳቅሱት።

አዲስ ድራይቭ ከታየና ከተከፈተ ዕድለኛ ናችሁ። ፎልደር ስትነኩ "ፈቃድ የለዎትም" ካለ "ቀጥል" የሚለውን ተጫኑና ታገሡ። የድሮው ተጠቃሚ ፎልደር በሌላ ኮምፒዩተር ስም ስለተመዘገበ ነው እንጂ ተቆልፎ አይደለም። ዊንዶውስ ፈቃዱን ሲቀይር ግን ዲስኩ ላይ ትንሽ ይጽፋል፤ ዲስኩ የሚያንገራግር ከሆነ ይህን ትታችሁ በሊኑክሱ ፍላሽ ክፈቱት፣ እሱ ፈቃድ አይጠይቅም።

"ዲስኩን ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብዎት" ካለ ሰርዙት። ዊንዶውስ የዲስኩን ማውጫ ማንበብ አልቻለም ማለት ነው፤ ፋይሎቹ ብዙውን ጊዜ አሁንም እዚያው አሉ። ከማክ የወጣ ዲስክ ከሆነማ ጤነኛም ሆኖ ዊንዶውስ ይህንኑ ይላል፣ የማክን አደራደር ስለማያውቀው። እሱን ማክ ላይ ሰኩት።

የቁልፍ ምልክት ካለውና የይለፍ ቃል ከጠየቀ ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ ነው። 48 አሃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ ያስፈልጋል። በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ፣ በድሮ ፍላሽ ላይ ወይም ታትሞ ፋይል ውስጥ ፈልጉት። ያለ ቁልፉና ያለ ይለፍ ቃሉ የሚከፍትላችሁ ባለሙያ የለም፤ "እኔ እከፍታለሁ" ለሚል ገንዘብ አትስጡ።

ፋይሎቹ የት ናቸው?

ዊንዶውስ ኤክስፒ ከነበረ "ዶክመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ" የሚለው ፎልደር ውስጥ በተጠቃሚው ስም ግቡ። ከቪስታ ጀምሮ ያሉት ላይ "ዩዘርስ" ነው። ዴስክቶፕ፣ ዶክመንት፣ ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ዳውንሎድ ሁሉም እዚያ ሥር ነው። ዴስክቶፕ የሚለውን የሚረሱ ብዙ ናቸው፣ እኛ አገር ግን ሰው ፋይሉን ሁሉ የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። ሪሳይክል ቢኑንም እዩት። ዲስኩ ለሁለት ተከፍሎ ከሆነ ዲ ድራይቭን አትዝለሉ፤ ፊልምና ሙዚቃ መሀል የተቀበረ የቤተሰብ ፎልደር የሚገኘው እዚያ ነው።

ኮፒ ስታደርጉ ሁሉንም ባንዴ አትምረጡ። መተኪያ የሌለውን አስቀድሙ፦ ፎቶና ቪዲዮ፣ ከዚያ ጽሑፍ፣ ከዚያ ሌላው። ፊልምና ዘፈን ቢቀርም ይቅር። ዲስኩ መሀል ላይ ቢደክም ዋናው ወጥቷል። በዩኤስቢ 2.0 በሴኮንድ 30 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ 200 ጊጋባይት ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ፍጥነቱ ወደ ዜሮ ወርዶ አንድ ፋይል ላይ ከተጣበቀ፣ እሱን ዝለሉና ወደሚቀጥለው ሂዱ።

የአማርኛ ጽሑፍ ካለ ፎንቱንም ውሰዱ

ይህን ማንም አይነግራችሁም፣ ሲቀር ግን ያስቆጫል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። የዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ፎንት ኒያላ ደግሞ ከቪስታ ጋር መጣ። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በየቢሮውና በየጽሕፈት ቤቱ የሚጻፈው በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት ነበር። በእነዚያ አሮጌ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ውስጥ ያለው እውነተኛ የአማርኛ ፊደል አይደለም። የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ናቸው፤ አማርኛ የሚያስመስላቸው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከሌለ ሰነዱ ሲከፈት በምልክት የተሞላ ትርጉም የለሽ ነገር ይታያል። ሰው "ፋይሉ ተበላሽቷል" ብሎ ይሰርዘዋል።

ፎንቱ ግን እዚያው አሮጌው ዲስክ ላይ አለ። "ዊንዶውስ" የሚለው ፎልደር ውስጥ "ፎንትስ" የሚለውን ሙሉውን ኮፒ አድርጉ። ከዚያ የአማርኛዎቹን መርጣችሁ አዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ጫኗቸውና ሰነዱን ክፈቱ። የሚፈለገው ፎንት ስም ሰነዱ ላይ ስትመርጡ ከላይ ይታያል። ሲስተካከል ወዲያው ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ፒዲኤፉ ፎንቱን አብሮ ስለሚይዝ የትም ቦታ ይነበባል። በኮምፒዩተሩ መፈለጊያ በአማርኛ ቃል ብትፈልጉ እነዚህ ሰነዶች እንደማይወጡም ልብ በሉ፤ በፋይል ስምና በቀን ነው የሚፈለጉት።

ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም የተሠራ ሂሳብ ካለም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የእያንዳንዱ ድርጅት መረጃ በአንድ ፎልደር ውስጥ በብዙ ትንንሽ ፋይሎች ተበትኖ ነው ያለው። አንዱን መርጦ መውሰድ አይሠራም፣ ፎልደሩን እንዳለ ውሰዱ። በፒቲቢ የሚያልቁ ፋይሎች ካሉ የባክአፕ ቅጂ ናቸው፣ እነሱንም አትተዉ። ሲከፈት ደግሞ በዚያው የፒችትሪ ቨርዥን መጀመሪያ ይሞከር።

የድሮ ስልክ ቪዲዮ በስሪጂፒ ያልቃል፤ ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ ይከፍተዋል።

የተሰረዘ ወይም ፎርማት የሆነ ከሆነ

ሁለት ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፣ አብረው ነው የሚወርዱት፦ ቴስትዲስክና ፎቶሬክ። መልካቸው ጥቁር ስክሪን ላይ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ያስፈራሉ፣ ሥራቸው ግን አስተማማኝ ነው። ከብዙ የሚከፈልባቸው ፕሮግራሞች አስቀድሜ እነሱን እመርጣለሁ።

ቴስትዲስክ የጠፋውን የዲስክ ክፍፍል (ፓርቲሽን) ይፈልግና የውስጡን ፋይሎች ከነስማቸው ያሳያል። ስታገኙት ወደ ሌላ ዲስክ ኮፒ አድርጉ። "ጻፍ" የሚለውን ምርጫ አትንኩ፣ እሱ ዲስኩን ይለውጣል።

ፎቶሬክ ደግሞ ማውጫውን ጨርሶ ትቶ ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያነባል። እያንዳንዱ የፋይል ዓይነት የሚጀምርበት ምልክት አለው፣ በእሱ ያውቀዋል። ስለዚህ ማውጫው የጠፋበትም ላይ ያገኛል። ስምና ፎልደር ግን አይመለስም። በሺዎች የሚቆጠሩ በቁጥር የተሰየሙ ፎቶዎች ይወጣሉ፣ መሀላቸው ከኢንተርኔት ገጽ የተረፉ ትንንሽ ምስሎች አሉ። በመጠን ደርድሩና ትልልቆቹን ብቻ እዩ። የሚያስቀምጥበትን ቦታ ሲጠይቃችሁ ሌላ ዲስክ ስጡት። እዚያው ላይ ካስቀመጠ በምትፈልጉት ፋይል ላይ ይጽፍበታል።

ዲስኩ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ሳህን የሌለው በቺፕ የሚሠራ ዓይነት ከሆነ ተስፋው ያንሳል። ትሪም የሚባል አሠራር የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ያጸዳዋል።

የደከመ ዲስክ

የሚሽከረከር፣ ግን የሚንቀራፈፍና እየጠፋ የሚመጣ ዲስክ ካላችሁ ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ጤንነቱን እዩ። ሊነበቡ ያልቻሉና በመጠባበቅ ላይ ያሉ ሴክተሮች (የዲስኩ ትንንሽ ክፍሎች) ቁጥር ከዜሮ በላይ ከሆነ ፋይል በፋይል መጎተቱን ተዉት። መጀመሪያ የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ ሥሩ። ከዚያ በኋላ የምትፈልጉትን ሁሉ ከግልባጩ ላይ አውጡ።

ለዚህ የተሠራው ሊኑክስ ላይ የሚሠራው ዲዲሬስኪው ነው። ጥበቡ ደህናውን ቦታ ቀድሞ በፍጥነት መቅዳቱ ነው፤ ወደ ተጎዳው ቦታ በኋላ ይመለሳል። የደረሰበትን በመዝገብ ፋይል ስለሚይዝ መብራት ቢጠፋም ካቆመበት ይቀጥላል። ትዕዛዙ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው አሮጌው ዲስክ ነው፣ ቀጥሎ ግልባጩ፣ ከዚያ መዝገቡ። ቅደም ተከተሉን ማገላበጥ አሮጌውን ዲስክ ሊያጠፋው ስለሚችል፣ ከመጀመራችሁ በፊት የዲስኮቹን መጠንና ሞዴል አነጻጽሩ። ግልባጩን የሚቀበለው ዲስክ ከአሮጌው የሚበልጥ ነፃ ቦታ ይኑረው።

ጠቅ ጠቅ የሚለው

ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት፣ በእጅ ምቱት፣ ክዳኑን ክፈቱት የሚል ምክር ትሰማላችሁ። አንዱንም አታድርጉ። ቅዝቃዜው ጤዛ ያመጣል። ክዳኑ ሲከፈት የሚገባ አንድ ብናኝ ማንበቢያው ከሳህኑ ከሚርቅበት ክፍተት ይበልጣል። ከሌላ ተመሳሳይ ዲስክ ቦርድ መቀየርም ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ የእያንዳንዱ ዲስክ የራሱ ልኬት ቦርዱ ላይ ባለች ቺፕ ውስጥ ስለተቀመጠ እሷም መዛወር አለባት።

ይህ ከአቧራ የጸዳ ክፍል ያለው ላቦራቶሪ ሥራ ነው፣ ውድም ነው። ውጭ አገር ወዳለ ዘመድ ልትልኩት ካሰባችሁ ስታቲክ በሚከላከል ከረጢት ጠቅልላችሁ፣ ዙሪያውን በስፖንጅ ደግፋችሁ፣ በእጅ ሻንጣ ይሂድ። ዋጋውን ከሥራው በፊት ተስማሙ። ፋይሉ ካልተገኘ ይከፈላል ወይስ አይከፈልም የሚለውንም ጠይቁ። እስከዚያው ዲስኩን ማንም "አንዴ ልሞክረው" ብሎ እንዳይሰካው።

ከወጣ በኋላ

የተቀዳውን ፎልደር መጠንና የፋይል ቁጥር ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። ከየፎልደሩ ጥቂት ፎቶ፣ ጥቂት ሰነድ ክፈቱ፤ ቪዲዮ ከሆነ መሀሉንና መጨረሻውንም እዩ። ከዚያ ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ ሥሩና ሌላ ቤት አስቀምጡት። በቫይረስ ማጥፊያም ይፈተሽ።

አሮጌውን ዲስክ ሁለቱም ቅጂ እስኪረጋገጥ አትንኩት። ኮምፒዩተሩን ልትሸጡ ወይም ለቆራሌው ልትሰጡ ከሆነ ዲስኩን አስቀሩት። ወይም በፍጥነት ሳይሆን ሙሉውን የሚያጸዳውን ፎርማት አስኪዱበት፤ ከቪስታ ወዲህ ያለው ዊንዶውስ "ፈጣን" ከሚለው ላይ ምልክቱ ሲጠፋ ዲስኩን በሙሉ በዜሮ ይጽፍበታል። የማይሠራ ከሆነ ደግሞ ሳህኑ ድረስ በመሰርሰሪያ ብሱት።